አደራ በላ

እኛ ቤት ውሻ የገባው በትምህርት ስም ነው። በሌላ ስም ቢመጣ ኖሮ ደጃፋችንን አይረግጥም ነበር።

አሜሪካ፣ እኛ በምንኖርበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃን ለመጨረስ 75 ሰዓት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ማስቆጠር አለበት። ልጄ ይህን የነገረችን አንድ እሑድ ከቅዳሴ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ፣ የእናቷ ልብ ገና በጸበሉ እንደረጠበ ነው። ሰዓት መምረጥ ታውቃለች። ቀጥላም በደቡብ ግዛቶች ውሻ ያለ ልክ እንደሚፈላ፣ የእንስሳት ማደሪያው ሲሞላ የተረፈው በመርፌ እንደሚሞት፣ አንድ ቤተሰብ ለጊዜው ቢያስጠጋው ግን ነፍሱ እንደምትተርፍ አስረዳች። «ለጊዜው» የምትለዋን ሦስት ጊዜ አለቻት። እናቷ ዞር ብላ፣ «ትምህርት ቤት ነው ያዘዘው?» አለቻት። ልጅቷ አዎም አይደለምም ሳትል «75 ሰዓት ነው እኮ፣ ማሚ» አለች። ጠበቃ እንደምትሆን ያን ቀን ገባኝ። የእኛ ሰው ለትምህርት ከተባለ ዝሆንም ያስገባል።

እኔ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። እዚያ ውሻ የሥራ መደብ አለው። ሌሊት ይጮኻል፣ ቀን ፀሐይ ላይ ይተኛል፣ የተረፈውን ይበላል፣ ደሞዝ አይጠይቅም። የቤታችን ውሻ መቻል ይባል ነበር። ከእሱ በፊት የነበረውም መቻል ነበር፤ ዛሬ እናቴ ግቢ ያለውም መቻል ነው። የሹመት ስም በሉት። ከደጅ አልፎ ሳሎን የገባ መቻል አላየሁም፤ የሞከረ አንድ ነበር፣ በእናቴ መጥረጊያ ተመልሷል። በዚያ ላይ በእኛና በውሻ መካከል ፓስተር አለ። የጉለሌው ፓስተር ተቋም ስሙ ሲነሳ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው እጁ ወደ እምብርቱ ይሄዳል፤ ከበግ አንጎል የሚሠራው የድሮው የእብድ ውሻ መድኃኒት ሆድ ላይ፣ በቀን አንድ፣ 14 ቀን ሙሉ ይወጋ ነበርና። አንድ የክፍላችን ልጅ ተወግቶ ሲመለስ ሸሚዙን ገልጦ ለማሳየት ከእያንዳንዳችን አምስት ሳንቲም ተቀብሏል። እንግዲህ የውሻ ማመልከቻ ሊሞላ ኮምፒዩተር ፊት የተቀመጠው እንዲህ ያደገ ሰው ነው።

ማመልከቻው ደግሞ ማመልከቻ ነው። ግቢያችሁ አጥር አለው? ውሻው በቀን ስንት ሰዓት ብቻውን ይውላል? ሌሊት የት ይተኛል? ከዚህ በፊት የነበራችሁ ውሻ ምን ሆኖ ሞተ? «ጅብ በላው» ብዬ ልጽፍ ስል ልጄ ኪቦርዱን ነጠቀችኝ። ከዚያ ሦስት ምስክር ጥሩ ተባልን። ዜግነት ስወስድ ስለ ሕገ መንግሥቱ ነበር የጠየቁኝ፤ የት እንደምተኛ ማንም አላነሳም።

የውሻ ማዳኑ አሠራር እንዲህ ነው። አንደኛ የመንግሥት ማደሪያዎች አሉ። የእኛ ካውንቲ በ2014 ደርውድ ላይ የከፈተው ትልቅ ሕንጻ አለው። (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ ቦሌ ስሳፈር ወጣት ነበርኩ፣ ዋሽንግተን ስወርድ ሰባት ዓመት ጨምሬ ተገኘሁ።) አሌክሳንድሪያም አይዘንሃወር ጎዳና ላይ የራሷ አላት፤ የተሰየመው በቮላ ላውሰን ነው፤ ከ1985 እስከ 2000 ከተማዋን በሥራ አስኪያጅነት የመሩ ሴት ናቸው። አገር ቤት አንዱን ባለሥልጣን «የውሻ ቤት በስምዎ ልንሰይም ነው» ቢሉት የሚሆነውን አስቡት። እዚህ ክብር ነው።

ሁለተኛ ደግሞ ሕንጻም ዘበኛም የሌላቸው ማኅበሮች አሉ፤ ሀብታቸው የስልክ ዝርዝርና እንደ እኛ ያለ የዋህ ሰው ሳሎን ነው። ደቡብ ካሮላይና ውስጥ አንድ ማደሪያ ሲጨናነቅ ይደውልላቸዋል፤ የሚያስጠጋ ቤት ይቆጠራል፤ አሥር ቤት ከተገኘ አሥር ውሻ ይጫናል፤ አሥራ አንደኛው ይቀራል። እዚያ ማኮላሸት ብዙም አልተያዘም፣ አየሩ ይሞቃል፣ ውሻዋ በጋ ክረምት ሳትል ትወልዳለች። እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ ደግሞ ልጅ ለመውለድ ጊዜ ያጣ ጠበቃ ሁሉ ውሻ ይፈልጋል። የአሜሪካ የእንስሳት ጥቃት ተከላካይ ማኅበር ቀደም ባሉት ዓመታት ባወጣው ግምት በየማደሪያው በዓመት ወደ 390,000 ውሾች ይገደሉ ነበር። ስለዚህ ዓርብ ማታ በቫን ተጭነው፣ በ95 አውራ ጎዳና ሌሊቱን ተጉዘው፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን እንደሚመጣልን እንጀራ ቅዳሜ ጠዋት ይደርሳሉ።

ፎስተር ለሚለው ቃል ቤታችን አማርኛ አጥቶ ነበር። ማደጎ ከበደ፤ ማደጎ ውርስ ያስነሳል። ጉዲፈቻም እንደዚያው። በመጨረሻ ባለቤቴ «አደራ ነው በቃ፣ የአደራ ውሻ» አለች። እኔም ደስ አለኝ፤ በአደራ እንጀራዬን የበላሁ ሰው ነኝና። ከ1998 ጀምሮ ዲሲ መሀል ከተማ ፓርኪንግ ነው የምሠራው። ሰው መርሴዲሱን አስረክቦኝ፣ ግማሿን ትኬት ቀድጄ ሰጥቼው ይሄዳል፤ ማታ ሲመለስ ያንኑ መርሴዲስ፣ ያንኑ ነዳጅ፣ ያንኑ ጭረት ያገኛል። በነዚህ ሁሉ ዓመታት የአንድም ሰው መኪና ልቤን አላሸፈተውም። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ። ይህ ሥራ ለእኔ ተቆርጦ የተሰፋ ነው ብዬ በሙሉ ልብ በ495 ዞረን፣ የውድሮው ዊልሰንን ድልድይ ተሻግረን ውሻ ልንረከብ አሌክሳንድሪያ ወረድን።

የመጀመሪያው ዋፍል ይባላል። ማኅበሮቹ ቁጥሩ ስለሚበዛባቸው አንድ ጭነት ሙሉ በምግብ ስም ይሰይማሉ፤ ከዋፍል ጋር ቤግልና ፓንኬክ የሚባሉ ወርደዋል፤ ቁርስ የምንረከብ ነበር የምንመስለው። ዋፍል ጆሮው መሬት የሚጠርግ የአደን ውሻ ነው። አምቡላንስ ባለፈ ቁጥር አንገቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ ያላዝናል፤ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ደግሞ አምቡላንስ አያልቅም። ባለቤቴ ዘጠኙን ቀን ሙሉ «ይሄ ነገር» ነበር የምትለው። ይሄ ነገር በላ? ይሄ ነገር ወጣ? በአሥረኛው ቀን እርሻ ያላቸው ባልና ሚስት ወሰዱት። ትኬቱን ተቀበልኩ፣ መኪናውን ሰጠሁ። እሷ ቤቱን ሁለት ቀን በእጣን አጠነችው።

ሁለተኛው ገና ቡችላ ነው፤ የቅዳሴ ጫማዬን አንዱን በላው፣ ሁለተኛውን ለማሳያ ተወልኝ። «አሳዳጊ የበደለው!» ብዬ ልጮኽበት አፌን ስከፍት አሳዳጊው እኔ መሆኔ ትዝ አለኝና ዋጥኩት። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ወሰዱት። ከማቆሚያው ስወጣ በመስታወቱ ወደ ኋላ አንድ ሁለቴ አይቻለሁ፤ ይህን ለማንም አላወራሁም።

ሦስተኛዋ በኅዳር መጣች። አፍንጫዋ ሸብቷል፤ ሐኪሙ ጥርሷን ቆጥሮ ሰባት ዓመት ገመተላት። ጥቁር ናት፤ ግንባሯ ላይ ብቻ ነጭ ምልክት አላት፣ ሻሽ ያሰረች ትመስላለች። ማኅበሩ ቺዝኬክ ብሏታል። ባለቤቴ በሩን ከፍታ አየቻትና «ይቺ ደግሞ ሻሼን አትመስልም?» አለች። ሻሼ የሰፈራቸው ጠላ ሻጭ ነበሩ። ስም እንዲህ ይወጣል፤ ስም ከወጣ በኋላ ደግሞ ነገር ይበላሻል። እኔ ግን ያኔ አልነቃሁም።

እነዚህ ውሻ አዳኞች ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር የሚሉት ነገር አላቸው። ሦስት ቀን ይደነግጣል፣ በሦስት ሳምንት ቤቱን ይለምዳል፣ በሦስት ወር ቤቱ የእኔ ነው ይላል። ሻሼ የመጀመሪያዎቹን ቀናት የተኛችው በሩ ሥር ነው፤ መንገደኛ ነኝ፣ አላስቸግርም የምትል ዓይነት። ከዚያ ወደ ምንጣፉ ጠርዝ። ከዚያ ከረከቦቱ ሥር። ከዚያ ሶፋው ላይ፣ መጀመሪያ ጭንቅላቷን ብቻ፣ ከዚያ ሁለት እግሯን። ቪዛ፣ ግሪን ካርድ፣ ዜግነት፤ ሁላችንም የመጣንበት መንገድ ነው። አንድ ቀን ሌሊት ለውሃ ስነሳ አልጋችን ግርጌ አገኘኋት። አየችኝ፣ ዓይኗን ጨፈነች።

ያጠመደን የሐኪሙ ውጤት ነው። የልብ ትል ተገኘባት። ትሉን የሚያስተላልፈው ትንኝ ነው፤ ደቡቡ ደግሞ ትንኝ አይቸግረውም። ልብና የሳንባ ደም ሥር ውስጥ ይኖራል፤ ሴቷ ትል እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች። ይህን ለእራት ቁጭ እንዳልን ልጄ በሥዕል አሳየችን። ሕክምናው ወራት ነው የሚፈጀው፤ መጀመሪያ ክኒን፣ ቀጥሎ ወገቧ ላይ አንድ መርፌ፣ ከወር በኋላ ሁለት መርፌ በተከታታይ ቀን። በዚህ ሁሉ ጊዜ መሮጥ፣ መዝለል፣ መደሰት ክልክል ነው፤ የሞተው ትል ተበጣጥሶ የሳንባዋን ደም ሥር ከዘጋ ትሞታለችና። «ለጊዜው» የተባለው ሁለት ሳምንት ግማሽ ዓመት ሆነ።

ባለቤቴ ነርስ ናት። ጤነኛ ውሻ ብትሆን ኖሮ ባለቤቴን ማሸነፍ አትችልም ነበር፤ በሽተኛ ሆና መጣችባት። ፍሪጁ በር ላይ የክኒን ሰንጠረዥ ተለጠፈ፤ የእኔ የደም ግፊት ክኒን አንድም ቀን ሰንጠረዥ ኖሮት አያውቅም። «ይሄ ነገር» ማለት ቀረ። ለሳምንት «ውሻዋ» ሆነች፣ ከዚያ «ሴትዮዋ»፣ በጥር ገደማ «ልጅቷ»። ልጄ ስሟ ተሻምቶባት «የትኛዋ ልጅ?» ማለት ጀመረች።

ምግቡ ሌላ ጣጣ ነው። ደብረ ብርሃን መቻል የሽሮውንም የአልጫውንም ጥራጊ በልቶ አሥራ ሦስት ዓመት ኖሯል። እዚህ ሐኪሙ ወረቀት ሰጠን፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ ደሙን ያበላሸዋል፤ ነጭ ሽንኩርትም እንደዚያው። ባለቤቴ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችና ወጥ የተጣደበትን ድስት ዞር ብላ አየችው። አሥራ አምስት ራስ ሽንኩርት የገባበት ነው። «ታዲያ ምኑን ትብላው?» አለች። የተቀቀለ ዶሮ፣ ቆዳው ወጥቶ፣ አጥንቱ ወጥቶ፣ ጨው ሳይነካው፣ በሩዝ። እሺ። ሁዳዴ ገባ።

ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ እኛ ቤት ዘይት እንኳን በስፍር ነው። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ከሥራ ስገባ ባለቤቴ ምድጃው ፊት ቆማለች፤ የሆስፒታል ጓንት አድርጋ፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ዶሮ ትፈትታለች። ሻሼ እግሯ ሥር ተቀምጣ በአክብሮት ትጠብቃለች። ከበሩ ሆኜ አየሁና «ለማን ነው?» አልኩ፤ ሆን ብዬ ነው። «ዝም በል። በሽተኛ አይጾምም» አለችኝ። ዶሮው ሲቀዘቅዝ በጣቷ ትንሽ ትንሽ እያደረገች አጎረሰቻት። አዎ፣ አጎረሰቻት። ሃያ ዓመት በትዳር ስንኖር ለእኔ ጉርሻ የደረሰኝ በሠርጋችን ቀን ነው፤ እሱም ካሜራ ስለነበረ።

ከእናቴ ጋር በየእሑዱ ነው የምንደዋወለው። ያን ሰሞን ስልኩ ውስጥ ጩኸት ሰማችና ጠየቀች፤ ውሻ መሆኑን ነገርኳት።

«ዘበኛ አስፈለገህ? ሌባ አለ ወይ?»

«የለም እማዬ፣ ታማ ነው፤ እያስታመምናት ነው።»

«ስንት ይከፍሉሃል?»

«አይከፍሉም። በነፃ ነው።»

ዝም አለች፤ ካርዱ ያለቀ መስሎኝ ነበር። «የት ነው የምትተኛው?» አለች ቀጥላ። አልጋ ላይ ማለት አልቻልኩም። «ጃንሆይም እኮ ሉሉን እቅፋቸው ላይ ያስቀምጡ ነበር» አልኳት።

«እሳቸው ንጉሥ ናቸው ልጄ። አንተ ፓርኪንግ ነህ።»

75ቱ ሰዓትስ? ልጄ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለሕፃናት መጽሐፍ እያነበበች ጨረሰችው። ሻሼን የማናፍሳት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ቀስ ብላ ትሂድ ስላለ ጠዋት ጠዋት በስላይጎ ክሪክ ዳር እንደ ሁለት ጡረተኛ እናዘግማለን። ፈረንጁ ሲያየን ይንበረከካል፤ ሐበሻ ሲያየን መንገድ ይሻገራል። እዚህ ሰፈር አሥራ ሁለት ዓመት ስኖር ስሜን የጠየቀኝ ጎረቤት የለም። አሁንም አልጠየቁኝም፤ ግን ሁሉም የሻሼ አባት ነው የሚሉኝ። አንዴ ፌንተን ጎዳና ላይ የማኅበራችን ሙሴ ከፊት ለፊት መጡብኝ። መሸሸጊያ አልነበረም። እሳቸው እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ በኪሴ አፍ ላይ የተንጠለጠለውን የኩስ ማንሻ ፌስታል አዩ። «ሁሉ ሰላም ነው?» አሉኝ። በዚያ አነጋገራቸው የሞተ ሰው ቤት ነው የሚጠይቁት።

እንግዲህ ፈተናው የጀመረው የመጨረሻው መርፌ ካለፈ በኋላ ነው። ውሾቹን የምታስተባብረው ሴት ደውላ «ለገበያ ደርሳለች፤ ስለ ጠባይዋ ጥቂት መስመር ጻፉልኝ» አለች። ባለቤቴ «እኔ እጽፋለሁ» አለች። የጻፈችውን ልጄ አሳየችኝ፤ ታንኮራፋለች፣ ዝናብ አትወድም፣ ወንድ አታምንም፣ በሌሊት ትነሳለች። ሦስቱ ስለ እኔ የተጻፉ ነበሩ። አስተባባሪዋ ልምድ ያላት ሰው ናት፤ ወዲያው ገባት። ለባለቤቴ በጨዋ ቃል አስረዳቻት፤ ያስጠጋ ሰው ሁሉ የያዘውን ካስቀረ ለሚቀጥለው ቦታ አይኖርም፣ አንድ በር ተዘጋ ማለት አንድ ውሻ ደቡብ ካሮላይና ቀረ ማለት ነው። እውነቷን ነው። ይህን ክርክር የሚረታ ነገር አላገኘሁለትም። የያዘውን ለሚያስቀር ሰው በእንግሊዝኛው መጠሪያ አላቸው፤ ፎስተር ፌይል፣ የወደቀ አሳዳሪ ይሉታል፤ ሳቅ ብለው ነው የሚሉት። በአማርኛ ግን ስሙ አደራ በላ ነው፤ ይህንን ስቆ የሚናገር ሰው አይቼ አላውቅም።

እፍረቴን ትንሽ ያቀለሉልኝ ጆ ባይደን ናቸው። እኛ ሰፈር አጠገብ የሚጀምረው 16ኛው ጎዳና ቀጥ ብሎ ወርዶ የሚያበቃው ዋይት ሃውስ ደጅ ነው፤ ስለዚህ ሥልጣን ላይ ሳሉ እንደ ጎረቤት ነበር የማያቸው። ሰውዬው በ2018 ከደላዌር የእንስሳት ማኅበር ሜጀር የተባለ ቡችላ ለጊዜው ብለው ወሰዱ፤ መጋቢት ላይ ነው፤ ኅዳር ሲሆን አስቀሩት። ከተመረጡ በኋላ በጥር 2021 ማኅበሩ ለሜጀር በኢንተርኔት በዓለ ሢመት አደረገለት። ከዚያ ሜጀር ሰው ነከሰ፣ ከቤተ መንግሥት ወጣ። በእሱ እግር የገባው ኮማንደርም ጠባቂዎቹን ደጋግሞ ነክሶ በ2023 ተሰናበተ። ሜጀርን ሲያጫውቱ የእግራቸው አጥንት የተሰነጠቀውስ? ሳይሾሙ ነው። በዚያው ቤት ሃሪ ትሩማን ደግሞ በ1947 በስጦታ የመጣላቸውን ፌለር የሚባል ቡችላ ለሐኪማቸው ሰጥተው ተገላግለዋል፤ የውሻ ወዳዱ ሕዝብ ተቀየማቸው። በውሻ የተነሳ ማንም በሰላም አልወጣም ለማለት ነው።

ጠያቂዎቹ በግንቦት መጡ። የአሌክሳንድሪያ ሰዎች ናቸው፣ ኦልድ ታውን የሚኖሩ ባልና ሚስት፤ ማኅበሩ ቤታቸውን አይቶ፣ ምስክራቸውን ጠይቆ፣ የእንስሳት ሐኪማቸው ዘንድ ደውሎ ጨርሷል። እንከን የላቸውም። እኔ እንግዳ ይመጣል ብዬ ሸሚዝ ቀየርኩ፤ ባለቤቴን ሳያት ቀሚስ ለብሳ፣ ቄጤማ ጎዝጉዛ፣ ፈንዲሻ አፍክታ፣ ቡና ልትቆላ ተቀምጣለች። ያኔ ነው ነገሩ ምን እንደሆነ የገባኝ። ለእሷ እነዚህ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ልጅ ሊጠይቁ ነው የመጡት።

በዓቦል ሥራቸውን ጠየቀች። ሰውየው መሐንዲስ ነው፣ ሴትየዋ በኢኮኖሚክስ የምታማክር። አንገቷን ነቀነቀች፤ መጥፎ አይደለም። ወላጆቻችሁ በሕይወት አሉ? አሉ። ከተጋባችሁ ስንት ዓመት ሆነ? አራት። እዚህ ላይ ፊቷ ትንሽ ጠቆረ። ሰባት ቤት ቁጠሩ ልትላቸው ነው ብዬ ፈራሁ። በቶና ቤታቸው ስንት ፎቅ እንደሆነ ጠየቀች። የድሮ የጡብ ቤት ነው፣ ሦስት ፎቅ አለ ሰውየው በኩራት። «ሦስት ፎቅ!» አለችኝ በአማርኛ፤ «ልቧን ያመማትን ልጅ!» ቀጠለችና ከዚህ በፊት ውሻ ነበራችሁ ወይ አለች። ነበራቸው፤ ከሁለት ወር በፊት ሞተ። ሴትየዋ ይህን ስትል ዓይኗ ዕንባ አቀረረ፤ እኔም አዘንኩላት። ባለቤቴ ግን ጀበናውን አስቀመጠች። «ሁለት ወር» አለች ቀስ ብላ፤ «ሙት ዓመቱ እንኳን ሳይደርስ።»

ሻሼ ይህ ሁሉ ሲሆን የቀሚሷ ጥለት ላይ ጭንቅላቷን ጥላ ታንኮራፋለች። ማንኮራፋቱ እንኳን እውነት ነበር።

ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገና እነሱ ዝግጁ እንደሆኑ፣ ዛሬ ሊወስዷት ገመድ ሳይቀር መኪናቸው ውስጥ እንዳለ ተናገረ። ዝም ተባለ። እኔ ትኬቱን ተቀብዬ መኪናውን ማስረከብ የምችል ሰው ነበርኩ፤ ሃያ ምናምን ዓመት ሠርቼበታለሁ። መቀመጫዬን አስተካከልኩ፣ አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ ግን አልወጣኝም። ባለቤቴ ቀና ብላ ሁለቱንም አየቻቸው። ልጅ ሲጠየቅ እናትና አያቶቿ ሲመልሱ የሰማችውን መልስ ነው የመለሰችው፤ በእንግሊዝኛ ትናገረው እንጂ ቃሉ የቡልጋ ነበር።

«ገና ልጅ ናት» አለች። «ትምህርቷን ትጨርስ።»

ሐሰት አልነበረም። ረቡዕ ረቡዕ ማታ የስድስት ሳምንት የታዛዥነት ኮርስ ያስመዘገበቻት ራሷ ናት፤ ሁለት ሳምንት ይቀራታል። ቁጭ በይ የሚለውን አልፋለች፤ ነይ የሚለው ላይ ናት። ሰውየው ሊከራከር ፈለገ። ሴትየዋ ግን ሻሼን አየች፣ ጥለቱን አየች፣ ክንዱን ያዝ አደረገችው። በረካዋን ጠጥታ፣ ፈንዲሻ ቋጥራ ሄደች።

አስተባባሪዋ ስልኩ ውስጥ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰች። ከዚያ የጉዲፈቻውን ክፍያ ላከችልን። ያስጠጋነው እኛ፣ ያስታመምነው እኛ፣ ያጎረስነው እኛ፣ የከፈልነው እኛ። የሰው መኪና ሲያቆም የኖረው ሰውዬ መኪናውን ገዝቶ ወደ ቤቱ ነዳ። ቤት አከራዩም ለውሻዬ በየወሩ የሚያስከፍል መስመር ከኪራዩ ሥር ጨመረ።

ይህን ሁሉ ማታ ለጓደኛዬ በስልክ አወራሁለት። አሌክሳንድሪያ ሳውዘርን ታወርስ ነበር የሚኖረው እኔ ከአገር ስመጣ፤ ሶፋው ላይ ሁለት ሳምንት ብቻ እንድተኛ ነበር የተነጋገርነው፤ የወጣሁት በአሥራ አራተኛው ወር ነው። ሠርጌንም የደገሰው እሱ ነው። አደራ በላ ሆንኩ፣ ሰው ለጊዜው የሰጠኝን አስቀረሁ እያልኩ ሳማርር ዝም ብሎ አዳመጠኝ።

«ቢያንስ እሷ ነይ ስትባል ትመጣለች» አለ። «አንተን ሂድ ብዬህ ስንት ጊዜ?»

ሰኔ ገባ። አንድ ሐሙስ ማታ ስልኬ ጮኸ፤ አስተባባሪዋ ናት። በሩን ይዘጋሉ ብላ አስባ እንደነበር፣ ግን ቅዳሜ ከሚመጡት አንዱ ቤት እንዳጣ፣ ሽማግሌ እንደሆነ፣ አንድ ዓይኑ እንደማያይ ጻፈች። ሥዕሉንም ልካለች። ስሙ ኦትሚል ነው። ስልኩን ለባለቤቴ አቀበልኳት። እሷ ሶፋው ላይ ናት፤ ሻሼ ጭኗ ላይ ናት፤ ሁለቱም የሚያዩት አንድ የአገር ቤት ድራማ ነው። ሥዕሉን ከዓይኗ አርቃ፣ አስጠግታ አየችው።

«ለስንት ጊዜ ነው?» አለች።

«ለጊዜው» አልኳት።

ሻሼን ቀስ አድርጋ አወረደቻትና አሮጌ ብርድ ልብስ ፍለጋ ተነሳች።